የዕብራይስጥ ዘፈን ከየት ጀምረን እንስማው? (ለድሬ ጆሮ የተዘጋጀ)

የዕብራይስጥ ዘፈን ልስማ ብሎ ዩቲዩብ የሚገባ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው ሃቫ ናጊላን ነው፣ እሱን ሁለቴ ይሰማና በቃ የሰርግ ጭፈራ ነው ብሎ ይዘጋዋል። እንደሱ አታርጉ። እኔ የምነግራችሁ ቅደም ተከተል የታሪኩ ቅደም ተከተል አይደለም፣ ድሬ ያደገ ጆሮ ቀድሞ ከሚያውቀው ነው የሚነሳው፣ እሱም የየመን ዜማ ነው። እዚህ ከተማ አድጎ ከሆነ ሱቅ ወይ ከሆነ ግቢ የየመን ኡድ ሲወጣ ያልሰማ ማነው? ዓሊ ቢራ ራሱ እዚሁ ድሬ ተወልዶ ኡድ አቅፎ ነው የዘፈነልን። ስለዚህ ከየመን ጀምረን ወደ ኋላ ከአውሮፓ ወደመጡት አይሁዶች እንመለሳለን፣ ከዛ ወደ ካሴቱ ዘመን፣ መጨረሻ ላይ ደሞ የራሳችን ልጆች ጋ እንደርሳለን።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር ትንሽ ነው። ከሰዓቱ ፀሐይ ጋብ እስኪል በርጫ ላይ የምትቀመጡበት ቦታ፣ ቤዙ የማይጮህ ስፒከር (ይሄ ወሳኝ ነው፣ ቤዝ የበዛበት ስፒከር ድሮ የተቀዳ ነገር ያበላሻል) እና ቢቻል ቢቻል አንድ ሶማሊኛ ወይ አረብኛ ወይ ሐረሪ የሚናገር ጓደኛ። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ኦፍራ ሃዛ። ኢም ኒንዐሉ የሚለውን ፈልጉ፣ ግን በ1988 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) አውሮፓን ያናወጠውን፣ ጀርመን ውስጥ አንደኛ የወጣውን የዳንስ ሪሚክስ አይደለም፣ እሱ ይቆያችሁ። ቀድማ በ1984 ባወጣችው የየመን ዘፈኖች አልበም ላይ ያለውን ነው የምላችሁ። እሷ በ1957 ቴል አቪቭ ሃቲክቫ የሚባለው የድሃ ሰፈር ውስጥ ከየመን ከመጡ ቤተሰቦች ነው የተወለደችው። ግጥሙ ግን የእሷ ዘመን ግጥም አይደለም፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመን ውስጥ የኖረው ሻሎም ሻባዚ የጻፈው ነው፣ የለጋሶች በር ቢዘጋ እንኳ የሰማይ በር አይዘጋም እያለ የሚጀምር። ሻባዚ በዕብራይስጥም በአረብኛም በአራማይክም ይጽፍ ነበር፣ ታዒዝ ያለው መቃብሩ ጋ ደሞ አይሁዱ ብቻ አይደለም ሙስሊሙም ይሄድ ነበር፣ ሐረር አዋች (ቅዱሳን አባቶች) የሚዘየሩበት አገር ለሚኖር ሰው ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም።

ስትሰሙ ሁለት ነገር ላይ አተኩሩ። አንደኛው ምቱ። የየመን አይሁዶች የእየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በመፍረሱ በሐዘን የሙዚቃ መሣሪያ ከመጫወት ይቆጠቡ ስለነበር ቆርቆሮ፣ የዘይት ጣሳ፣ የመዳብ ትሪ ነው የሚመቱት፣ ያ ቀጭን ጠንካራ ድምፅ እሱ ነው። ሁለተኛው ጉሮሮው። ጓደኛችሁን የምትፈልጉት እዚህ ጋ ነው፣ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ሐ እና ዐን በፊደል ብቻ ነው የያዝናቸው፣ ሶማሌው እና አረብኛ ተናጋሪው ግን ኦፍራ ኒንዐሉ ስትል ዐዋ ከጉሮሮ ስር ስትወጣ ወዲያው ይይዛታል። ከየመን የመጡት ዘፋኞች እንዲህ ነው የሚሉት፣ ከአውሮፓ የመጡት ጋ ግን ሐ ወደ ኸ ትዞራለች፣ ዐ ጭራሽ ትጠፋለች። ይቺን ምልክት ያዙ፣ ከዚህ በኋላ ማን ከየት እንደመጣ ሳይነገራችሁ መገመት ትጀምራላችሁ (ሁሌ አይሠራም፣ ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ከየትም ይምጡ የአውሮፓዎቹን አነጋገር ይዘዋል)።

ኦፍራን ድምጿን ታውቁታላችሁ በነገራችን ላይ። በ1998 የወጣው የሙሴ አኒሜሽን ፊልም ላይ ልጇን ቅርጫት ውስጥ አድርጋ ወንዝ ላይ የምትለቀው እናት እሷ ነች፣ በብዙ ቋንቋ ራሷ ነው የዘፈነችው። በ2000 ገና በ42 ዓመቷ ሞተች።

ከኦፍራ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሂዱና ሾሻና ዳማሪን አምጡ። የመን ዳማር ነው የተወለደችው፣ በ1923፣ ሕፃን እያለች ነው ቤተሰቧ ወደ ፍልስጤም የገባው። ካላኒዮት የሚለው ዘፈኗን ስሙ፣ ስለ ቀይ የሜዳ አበባ ነው፣ ግጥሙ የናታን አልተርማን ዜማው የሞሼ ቪለንስኪ። ቪለንስኪ ከዋርሶ የመጣ ፒያኒስት ነው፣ አልተርማንም ዋርሶ ነው የተወለደው፣ ዘፋኟ የመናዊት። አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም የዚህ ሙዚቃ ግማሽ ታሪክ እዚህ አንድ ዘፈን ውስጥ አለ፣ ደራሲው አውሮፓዊ ድምፁ የምሥራቅ። ያ ከስር ገባ ብሎ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ለፒያኖ ተብሎ ከተጻፈ ዜማ ጋር ሲገጥም የሚፈጠረው ነገር ሌላ ቦታ አይገኝም። ቀይ መለዮ የሚያደርጉትን የእንግሊዝ ፓራሹት ወታደሮች ሕዝቡ በዚህ አበባ ስም ይጠራቸው ስለነበር ዘፈኑ ያኔ ፈገግ የሚያሰኝ ትርጉምም ነበረው።

ከዳማሪም ቀድማ ብራኻ ጽፊራ አለች፣ እየሩሳሌም የተወለደች የየመን ልጅ፣ ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታ ከቤት ቤት እየተዛወረች ያደገች፣ በዛው የየቤቱን ዜማ እየለቀመች። በ1930ዎቹ ከኪየቭ ከመጣው ፒያኒስት ናሁም ናርዲ ጋር (ባሏም ነበር) የየመኑን የፋርሱን የስፔን አይሁዶቹን የበዳዊኖቹን ዜማ መድረክ ላይ አወጣችው። የድምፅ ቅጂዎቿ ያረጁ ናቸው፣ ይንሸካሸካሉ፣ ሁሉም ሰው አይወዳቸውም፣ ሁለት ሰምታችሁ እለፉ።

እሺ አሁን ወደ ፎልኩ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፣ የሕዝብ ዘፈን ሲባል እንደኛ እረኛና ገበሬ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ከዘመን ዘመን ያሳለፈው ይመስለዋል። የዕብራይስጡ ግን አብዛኛው ማን እንደጻፈው፣ ማን ዜማ እንደሰጠው፣ አንዳንዴ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ይታወቃል። ቋንቋው ራሱ የጸሎትና የመጽሐፍ ሆኖ ኖሮ ከ1880ዎቹ ወዲህ ነው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳን የመሳሰሉ ሰዎች ለፍተው እንደገና የቤትና የገበያ ያረጉት፣ ስለዚህ እንጉርጉሮም ሆነ የሥራ ዘፈን በቋንቋው አልነበረም፣ መፈጠር ነበረበት። ተፈጠረም። ዜማ ከየትም ይመጣል፣ ከሩሲያ፣ ከሮማንያ፣ ሐሲድ ከሚባሉት አጥባቂ የአይሁድ ምዕመናን፣ ከአረብ ጎረቤት፣ ግጥሙ አዲስ ዕብራይስጥ ይሆናል፣ ከዛ ሰው ተሰብስቦ አብሮ ይዘምረዋል። በ1930ዎቹ የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ዘፈኖቹን ኖታቸውን ጭምር ፖስትካርድ ላይ አትሞ ይበትን ነበር እኮ፣ ዓለም ዳር ያለ አይሁድ ከፖስታ ሳጥኑ ዘፈን ያገኛል ማለት ነው።

ሁለት ምሳሌ ውሰዱ። የእስራኤል ብሔራዊ መዝሙር ሃቲክቫ፣ ግጥሙን ናፍታሊ ሄርጽ ኢምበር የሚባል ገጣሚ በ1870ዎቹ መጨረሻ ጻፈው፣ ዜማውን ሳሙኤል ኮሄን የሚባል ፍልስጤም የሰፈረ ሰው ሞልዳቪያ ከሚዘፈን ከበሬ ጋሪ ዘፈን ወስዶ ገጠመለት። በሕግ ብሔራዊ መዝሙር ተብሎ የጸደቀው ግን በ2004 ነው፣ አይገርምም? ሁለተኛው ያው ሃቫ ናጊላ። ዜማው ሳዲጉራ ከሚባል ቦታ የሐሲዶች ቃል አልባ ዜማ ነው፣ አብርሃም ጽቪ ኢደልሶን የሚባል ከላትቪያ የመጣ የሙዚቃ ተመራማሪ እየሩሳሌም ውስጥ በ1918 አካባቢ ግጥም አለበሰው፣ ከዛ በኋላ ዓለምን ዞረ፣ ሃሪ ቤላፎንቴ ሳይቀር ዘፈነው። ኢደልሶን ይሄ ብቻ አይደለም ሥራው፣ ፎኖግራፍ ይዞ የየመኑን የባግዳዱን የፋርሱን የሞሮኮውን አይሁድ ዜማ እየቀዳ ከ1914 እስከ 1932 በ10 ቅጽ አሳትሟል። ሃቫ ናጊላን አሁን መልሳችሁ ስሙት፣ አረቦቹ ሒጃዝ የሚሉትን ማቃም (ቅኝት ማለት ነው) የሚያውቅ ጆሮ ያላችሁ መጀመሪያዋ ላይ ያለችውን ሰፋ ያለች ዝላይ ትይዟታላችሁ።

የሠፋሪዎቹን ዘፈን ስትሰሙ ክበብ ሠርተው የሚጨፍሩትን ሆራ እያሰባችሁ ስሙት፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ለመስማት የተሠራ አይደለም። አኮርዲዮን ይመራል፣ ዋሽንት ይከተላል፣ ዳርቡካ የሚባለው ከበሮ ከአረቡ ተወስዷል፣ ደብካ የሚባለው ጭፈራም እንደዛው። ማይም ማይም የሚባለው በ1937 ናዐን የሚባል ኪቡትዝ (የጋራ እርሻ መንደር) ውስጥ ብዙ ፈልገው ውሃ ሲያገኙ ለተደረገ በዓል የተሠራ ጭፈራ ነው፣ ወንዛችን ደቻቱ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚያይ ሰው ይሄ ደስታ ይገባዋል። ዜማው በአብዛኛው ማይነር ነው፣ ፈጠን ብሎም ሐዘን አለበት። አብራችሁ ለማንጎራጎር ስትሞክሩ የሆነ ቦታ ላይ ጉሮሯችሁ ኖታ ይዘላል፣ ችግር የለም፣ የኛ ትዝታና ባቲ ባለ አምስት ድምፅ ነው የእነሱ ባለ ሰባት፣ ልማድ ነው።

ከዚህ ወገን ናኦሚ ሼመርን ብቻ በደንብ ስሙ፣ ኪነሬት ሐይቅ ዳር በ1930 የተወለደች፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ የምትሠራ። የወርቅ እየሩሳሌም የሚለው ዘፈኗ ሹሊ ናታን በምትባል ብዙም በማትታወቅ ወጣት ግንቦት 15 ቀን 1967 በፈረንጆቹ ቀረበ፣ ልክ በሶስት ሳምንቱ የስድስቱ ቀን ጦርነት ተነሳ፣ የእየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ሲያዝ ሼመር አዲስ ስንኝ ጨመረችበት። ዘፈኑ ላይ ገበያው ባዶ ነው የምትለው ነገር ትልቅ ወቀሳ አምጥቶባታል፣ እዛ የሚኖሩት የሚገበያዩት አረቦች ሰው አይደሉም ወይ ተብላ፣ ወቀሳው ልክ ነው ባይ ነኝ፣ ዜማው ግን ያምራል። ዜማውንም ከባስኮች የሕፃን ማስተኛ ዘፈን ሳይታወቃት እንደወሰደች በ2004 ከሞተች በኋላ በወጣ ደብዳቤዋ ታወቀ። ፖለቲካ አልሰማም የሚል ጓደኛ በርጫው ላይ ካለ ይቺን ዝለሉለት፣ መብቱ ነው፣ ድሬ ላይ እንዲህ ነው የምንኖረው።

የጦር ባንዶቹን ቶሎ እለፏቸው። የናሃል ባንድ እና ሌሎቹ ከ1950ዎቹ እስከ 70ዎቹ የእስራኤልን ዘፋኝ ሁሉ አምርተዋል፣ እኛ ጋ ክብር ዘበኛና ፖሊስ ሠራዊት እንዳደረጉት ማለት ነው፣ ግን ዘፈኑ ዛሬ ሲሰማ ማርሽ ይበዛበታል። ከናሃል የወጣው አሪክ አይንሽታይን ግን ሌላ ነው። ከሻሎም ሃኖክ ጋር በ1970 ያወጡት ሻብሉል የሚባል አልበም የዕብራይስጥ ሮክ መነሻ ነው ቢባል ብዙ ሰው ይስማማል፣ ለስላሳ ነው፣ ሰውዬው አይጮህም፣ የሚያወራችሁ ነው የሚመስለው። ማታ ላይ ነው የሚሰማው። ካቬሬት የሚባሉት ቡድን ቀልድ ይበዛቸዋል፣ ቋንቋውን ካላወቃችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ ካሴት። በ1949 እና 50 ወደ 49 ሺህ የሚጠጉ የየመን አይሁዶች በዔደን በኩል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደው ነበር፣ ከኢራቅ ከሞሮኮም በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ገባ፣ ግን ራዲዮው የአውሮፓዎቹን ጣዕም ነው የሚያጫውተው፣ የነሱን ሙዚቃ ቢያጫውት እንኳ ለብቻዋ የተመደበች ሰዓት አላት። ዳማሪን መድረክ ላይ ያነሱ ሰዎች የሰፈሯን ልጆች ሰርግ ላይ የሚዘፍኑትን ግን ሙዚቃ አይሉትም። ከዛ በ1970ዎቹ ካሴት ረከሰ። ሰርግ ላይ የተቀዳው፣ ጋራዥ ውስጥ የተቀዳው፣ ሁሉ ቴል አቪቭ አሮጌው አውቶብስ ተራ ጋ ባሉት ሱቆች ይቸበቸብ ጀመር፣ ራዲዮ ሳያስፈልግ። ታይዋን ገበያ ቴፕና ካሴት በየደጁ ተደርድሮ የሚያስታውስ ሰው ነገሩን ያየዋል። ጽሊሌይ ሃኬሬም የሚባሉት ባንድ የየመኑን ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር መጫወት ጀመሩ፣ ግሪኩ አሪስ ሳን ያመጣው ቡዙኪ (የግሪክ የክር መሣሪያ) መሰል የጊታር አመታት ደሞ ውስጡ ገባ፣ ስለዚህ የምትሰሙት ነገር የመንም ግሪክም ቱርክም ነው።

እዚህ ጋ ዞሃር አርጎቭን አምጡ። ከሪሾን ለጽዮን ነው፣ ከየመን ቤተሰብ፣ በ1955 የተወለደ። በ1982 በምሥራቅ ዘፈን ፌስቲቫል ላይ ሃፔራኽ ቤጋኒ፣ በአትክልቴ ያለች አበባ፣ ብሎ አንደኛ ወጣ፣ ደራሲው አቪሁ ሜዲና ነው። መግቢያዋን ብቻዋን ስሙ። ገና ምቱ ሳይገባ ድምፁን ለብቻው ለቆ ያንከባልለዋል፣ አንዷን ቃል ይዞ እያጠፈ እየዘረጋ፣ አረቡ መዋል የሚለው ዓይነት ነው። ይሄን ማንከባለል ለመስማት ስፒከሩን ትንሽ ቀንሱት እንጂ አትጨምሩት፣ ሲጮህ ዝርዝሩ ይጠፋል። ሰውዬው ሱስ ይዞት በ1987 እስር ቤት ውስጥ ራሱን አጠፋ። ዛሬ ንጉሥ ይሉታል፣ ሲኖር ራዲዮ በቅጡ ያላጫወተውን። ከሱ ወዲህ ሐይም ሞሼ፣ ዘሃቫ ቤን፣ ሳሪት ሐዳድ፣ ኢያል ጎላን፣ ኦመር አዳም እያለ መጥቶ አሁን ይሄው ሙዚቃ ነው ዋናው ፖፕ የሆነው። እውነቱን ልንገራችሁና የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ለኔ ይደጋገሙብኛል፣ ኮምፒውተር ምት ላይ አንድ ዓይነት ልቅሶ።

ዩሮቪዥን (የአውሮፓ የዘፈን ውድድር) ለሚወድ ሰው ደሞ በ1978 ኢዝሃር ኮሄን፣ በ1979 ጋሊ አታሪ ከቡድኗ ጋር፣ በ1998 ዳና ኢንተርናሽናል፣ በ2018 ኔታ አሸንፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ሶስቱ የየመን ዘር ያላቸው ናቸው፣ ኦፍራም በ1983 ሁለተኛ ወጥታለች። በወንድና በሴት ዘፈን መሀል ያለውን ልዩነት ማየት ከፈለጋችሁ ግን ዩሮቪዥኑን ተዉትና አ ዋ የሚባሉትን ሶስት እህትማማቾች ስሙ፣ በ2015 ያወጡት ሐቢብ ጋልቢ ዕብራይስጥ አይደለም የየመን አረብኛ ነው። የየመን አይሁድ ወንዶች የሻባዚን ዓይነት ቅዱስ ግጥም በዕብራይስጥ ሲዘፍኑ ሴቶቹ በአረብኛ ስለ ፍቅርና ስለ ኑሮ ነው የሚዘፍኑት፣ ሳይጻፍ በቃል ብቻ። የሐረሪ ሴቶች ሰርግ ላይ ሲዘፍኑ የቆመ ሰው አ ዋን በመጀመሪያው ደቂቃ ይወዳቸዋል፣ አቦ ቃል እገባላችኋለሁ።

የመጨረሻው ፌርማታ የኛ ልጆች። ቤተ እስራኤሎች በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ገቡ፣ ከዛ በግንቦት 1991 በፈረንጆቹ ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ተጓጉዟል፣ ልጆቻቸው እዛ አድገው ዘፋኝ ሆኑ። ኢዳን ራይኸል ኢትዮጵያዊ ተማሪዎች ያሉበት አዳሪ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር፣ ካሴታቸውን እዛ ነው የሰማው፣ በ2002 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም አማርኛ ቀላቀለበት። በ2005ቱ ሚማዐማቂም ዘፈኑ ላይ የሚሰማው አማርኛ የሙሉቀን መለሰ ናኑ ናኑ ነይ ነው፣ ሳትዘጋጁ ብትሰሙት ትደነግጣላችሁ። ከሱ ጋር የዘፈነችው ካብራ ካሳይ ሱዳን የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው የተወለደችው። አስቴር ራዳም ናኑ ነይን በራሷ መንገድ ተጫውታዋለች፣ ሶልና ፈንክ አድርጋ፣ እኔ የሷን እመርጣለሁ፣ የራይኸል አንዳንዴ ውበቱን ያበዛዋል። ኤደን አለነ በ2020 ፍቅር ልቤ የሚል አማርኛ ያለበት ዘፈን ይዛ ዩሮቪዥን ልትሄድ ስትል በኮሮና ተሰረዘ፣ በዓመቱ በሌላ ዘፈን ሄደች። ራፕ ለሚሰሙት ካፌ ሻሆር ሐዛቅ አሉ፣ ሬሆቮት ያደጉ የአጎት ልጆች። ሳክስፎን ለሚወድ ደሞ አባተ በሪሁን፣ ትዝታን ጃዝ ላይ ሲያወጣው ዕብራይስጥም አማርኛም አያስፈልግም።

ስለ አፈላለጉ። የላቲን ፊደሉ አንድ ወጥ አይደለም፣ ሐ የምትለዋን ፊደል አንዱ በኤች ይጽፋል ሌላው በሲኤች ሌላው በኬኤች፣ ስለዚህ የዘፋኙን ስም ከዊኪፔዲያ ላይ በዕብራይስጥ ፊደሉ ኮፒ አድርጋችሁ ዩቲዩብ ላይ ለጥፉ፣ የሚመጣው ሌላ ነው። ከ1948 በፊት ላሉት የድሮ ዘፈኖች ዘመርሼት የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ግጥሙ፣ ደራሲው፣ ድምፁ አብሮ፣ በዕብራይስጥ ብቻ ነው ግን ክሮም ይተረጉምላችኋል።

ፍላሽ ላይ ለመጫን ከሆነ ፍላሹን ፋት 32 ፎርማት አድርጉት፣ ብዙው የባጃጅ ቴፕ ሌላውን አያነብም። የፋይሉን ስም በዕብራይስጥ ከተዋችሁት ዲስፕሌዩ ላይ ሳጥን ሳጥን ነው የሚያሳያችሁ፣ በቁጥር ቀይሩት። ደሞ ሁሉንም ባንዴ ሴሌክት አድርጋችሁ አትገልብጡ፣ ርካሾቹ ቴፖች በስም አይደለም በተገለበጠበት ቅደም ተከተል ነው የሚያጫውቱት፣ አንድ በአንድ ካልገለበጣችሁ ሻባዚን ጠብቃችሁ ኔታ ነው የምትመጣባችሁ።